የጉዞ ፎቶግራፍን በኮምፒዩተር ስለ ማስተካከል
(በማኅበራችን አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በማኅበራችን ሥር የሚገኘው የፎቶግራፍ ትምህርት ቡድን ስለ ሥራው ማብራሪያ እንዲሰጥ በተጠየቀው መሠረት ይህን ንግግር አዘጋጅተን ቀርበናል። ማብራሪያው የተፈለገበት ምክንያት ለሁላችሁም ግልጽ ነው። የአዳራሹን ጣሪያ ለማሳደስ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት፣ አሥራ ሦስት ፎቶግራፎች ያሉበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ታትሞ እንዲሸጥ ተወስኗል። አሥራ ሦስት ያልነው ጳጉሜንም የራሷ ገጽ ይኑራት ስለተባለ ነው። ፎቶዎቹን ያነሡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ በተለያየ ጊዜ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ዳሎልና ወደ ሐረር ተጉዘው ያነሡአቸው። እንግዲህ ፎቶዎቹ ለምርጫ በሰሌዳው ላይ በተለጠፉ ጊዜ ክርክር ተነሣ። «ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አይደለም» ያሉ ነበሩ፤ «ኧረ አምሯል፣ ምን አለበት!» ያሉም ነበሩ። አንዲት እናት ደግሞ «ለመሆኑ ፎቶ መነካካት መዋሸት አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። እኛም ከሁሉ በላይ የምንመልሰው ለእሳቸው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ፎቶን መነካካት ኮምፒዩተር ያመጣው ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺው ሥራውን የሚጨርሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ብርሃን በሚያበራበት ጊዜ በእጁ እየጋረደ አንዱን ቦታ ያፈካል፣ ሌላውን ያጠቁራል። ኔጋቲቩን በቀጭን እርሳስ እየነካ የፊት መጨማደድ ይቀንሳል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይም በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር፤ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ከንፈሩ የቀላ፣ የቀሚሱ ጥለት አረንጓዴ የተቀባ የሠርግ ፎቶ ያለን ጥቂቶች አይደለንም። ያንን ፎቶ ማንም ሰው ውሸት ነው ብሎ አልጣለውም። ቀለሙ በእጅ እንደ ተቀባ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ነው።

በኮምፒዩተር ማስተካከል በሰፊው የተጀመረው ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ነው። ፕሮግራሙን የጀመሩት ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። የሚገርመው ነገር፣ የፕሮግራሙን ችሎታ ለማሳየት ይጠቀሙበት የነበረው ምስል የጉዞ ፎቶ ነበር፤ ጆን ኖል በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ሴት እ.ኤ.አ. በ1987 በቦራ ቦራ ደሴት ባሕር ዳር ተቀምጣ ያነሣት። እንግዲህ የጉዞ ፎቶና መነካካት ከጥንስሱ አብረው የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ካሜራው ፎቶውን በምን መልክ እንደሚያስቀምጥለት ነው። አንደኛው ጄፔግ ይባላል፣ ሁለተኛው ሮው። ልዩነቱን ለእናቶች በእናቶች ቋንቋ እንናገር ካልን፣ ሮው ሊጥ ነው፣ ጄፔግ ደግሞ የተጋገረ እንጀራ። ሊጡ ቢወፍር ውሃ ይጨመርበታል፤ እንጀራው ከምጣድ ከወጣ በኋላ ግን ላቅጥነው ቢሉ አይሆንም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ይይዛል። ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ደረጃዎች ይይዛል። ስለዚህ ጨለማ የሆነን ቦታ ወደ ብርሃን ለማምጣት ሲሞከር ጄፔጉ ይቆራረጣል፣ ይዥጎረጎራል፤ ሮው ግን ይታዘዛል። ኪሣራው ቦታ መያዙ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ሮው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚወስድ፣ አንድ ሺህ ፎቶ ያነሣ ልጅ እስከ 30 ጊጋባይት ድረስ ማስቀመጫ ይፈልጋል።

ከዚህም ሌላ፣ ሮውን የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ዋናውን ፎቶ አይነኩትም። «ብርሃኑን ይህን ያህል ጨምር፣ ከግራ ይህን ያህል ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ለብቻው ጽፈው ይይዛሉ። ዛሬ የተበላሸው ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ሊሠራ ይችላል። ይህ ለሚማር ሰው ትልቅ ዕድል ነው። አንድን ፎቶ በመስከረም ሠርቶ፣ በጥር እንደገና ከባዶ ሠርቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ማንም አስተማሪ የማይሰጠውን ትምህርት ይሰጣል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምንቆይበት ጉዳይ እንመጣለን፤ እሱም ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ነው። የአገራችን የጉዞ ፎቶ ግማሹ ይኸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ለንግሥ የወጣች እናት፣ ጸዐዳ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በደጋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሰዓቱ ስድስት ነው። ነጠላው ብርሃኑን ሁሉ መልሶ ይተፋል፤ ፊቷ ደግሞ በነጠላው ጥላ ሥር ነው። ካሜራው ሁለቱን እኩል ማየት አይችልም። ፊቷን አየሁ ሲል ነጠላው ይነድና ፈትሉ፣ ጥለቱ፣ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል፤ አንድ ወጥ ነጭ ወረቀት ይሆናል። አንድ ጊዜ ነዶ የጠፋ ነጭ በምንም ፕሮግራም አይመለስም፤ ያልተመዘገበ ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሲነሣ ለነጩ ተጠንቅቆ፣ ፎቶው ትንሽ ጠቆር ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ በኮምፒዩተር ላይ ፊቱን ብቻ ለይቶ ማፍካት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ፊት ሲፈካ ቀለሙ አብሮ ይሸሻል። ጠይሙ ቆዳ አመድማ ይሆናል፣ አመድ የነፋበት ይመስላል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ብርሃን የጎደለ መስሎት ይጨምርበታል፤ ጨምሮ ጨምሮ ሴትየዋን ሌላ ሰው ያደርጋታል። መፍትሔው ብርሃኑን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሞቃቱን ቀለም ማለትም ቀይና ቢጫውን በትንሹ መመለስ ነው። ፊት ጥላ ውስጥ ከነበረ ጥላ ውስጥ እንደ ነበረ ቢታይ ነውር የለውም።

የጠይም ፊት ጉዳይ የቆየ ታሪክም አለው። ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም መለኪያ የሚሆን የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ካርድ ይልክ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የፎቶ ማጠቢያው ሁሉ የሚስተካከለው በእርሷ ቆዳ ልክ ነው። ሎርና ሮት የተባሉት ካናዳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን ለይቶ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት ውስጥ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙባቸዋል። ቸኮሌታቸውና ወንበራቸው በማስታወቂያ ላይ በደንብ አልታይ ቢላቸው ነው። የሰው ፊት ያላስነሣውን ቅሬታ ወንበር አስነሣው፤ ይህን ለታዘበ እንተወው።

ዛሬ ፊልም ቀርቷል፣ ነገር ግን በስልክ ላይ ያሉት «ማሳመሪያ» የሚባሉት ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ቆዳ ያፈካሉ፣ ያለሰልሳሉ። ለከተማ ልጅ የራሷ ምርጫ ነው፤ በጉዞ ፎቶ ላይ ግን የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። የጎንደር ወይም የወሎ እናት አንገት ላይ ያለው ንቅሳት፣ ግንባር ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ ለማሽኑ እድፍ ወይም ጠባሳ ይመስለዋል። ያለሰልሰዋል፣ ያደበዝዘዋል። ያቺ እናት በልጅነቷ ሕመሙን ችላ የተነቀሰችው ጌጥ በአንድ ጣት ንክኪ ይሄዳል። ስለዚህ በቡድናችን ውስጥ ይህ ማለስለሻ በሰው ፊት ላይ እንዳይነካ ተስማምተናል። የደረቀ ምራቅ፣ የዝንብ ጥቁር ነጥብ ይነሣ ቢባል እናነሣለን፤ ነገ የማይኖር ነገር ነውና። ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ሽበት፣ የፊት መጨማደድ ግን የባለቤቱ ናቸው።

ስለ ብርሃን ቀለም በአጭሩ እንናገር። ብርሃን ሁሉ ነጭ አይደለም። የጧፍ ብርሃን በኬልቪን መለኪያ 1,900 ገደማ ሲሆን ወደ ብርቱካን ያደላል፤ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ከ7,000 ያልፋል፣ ሰማያዊ ይሆናል። ዓይናችን ይህን ራሱ ያቻችለዋል፤ ካሜራ ግን ይስተዋል። በፕሮግራሙ ላይ «ዋይት ባላንስ» የሚባለው መቆጣጠሪያ የሚያርመው ይህንን ነው። ታዲያ በላሊበላ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን የተነሣን ካህን፣ ነጩ ነጭ ይሁን ተብሎ እስከ መጨረሻው ቢታረም የቢሮ መብራት ሥር የቆሙ ይመስላሉ። ግማሹን አርሞ ግማሹን ሙቀት መተው ይሻላል። ደንብ ሳይሆን የእኛ አስተያየት ነው።

ብዙ ክርክር ያስነሣው ሌላው ፎቶ የዳሎል ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ሲሆን፣ ድኝ፣ ጨውና ብረት ያለበት አሲዳማ ውሃ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ያደርገዋል። ቦታው በተፈጥሮው ቀለም የበዛበት ነው። የቀለም መጨመሪያውን ወደ ቀኝ መግፋት እዚህ ላይ በርበሬ ላይ በርበሬ ነው። ከመብዛቱም ሌላ ሥራው ራሱ ይበላሻል። ቢጫው ከልክ ሲያልፍ በውስጡ ያሉት የጨው ቅርፊቶችና ቀዳዳዎች ይጠፉና ቀለም የተደፋበት ጨርቅ ይመስላል። በማተሚያ ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ስክሪን የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ የሚሠራው በቀለም ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በወረቀት ላይ አይገኝም፤ ሲታተም ደብዝዞ፣ ቆሽሾ ይመጣል። «ማተሚያ ቤቱ አበላሸብን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል ለቀን መቁጠሪያው የቀረበው የዳሎል ፎቶ ቀለሙ ዝቅ ተደርጎ እንዲዘጋጅ ሆኗል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በወረቀት ታትሞ ሲመጣ ተመልከቱት።

ስለ ኅትመት ካነሣን አይቀር፣ ለመማር የምትፈልጉ ይህን ስሌት ያዙ። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ 3,543 በ2,362 ነጥብ ማለት ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6,000 በ4,000 ስለሚሰጥ ይበቃል፣ ይተርፋል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ግን አይበቃም፤ ቴሌግራም አሳንሶ፣ ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። «እንደ ፋይል» ተብሎ ካልተላከ ማተሚያ ቤት መውሰድ ድካም ነው። በሌሊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍቶ ማስተካከልም አይመከርም፤ እዚያ ደህና የመሰለው ፎቶ በወረቀት ላይ ይጨልማል።

እስቲ አሁን ወደ ላሊበላው ፎቶ እንምጣ። ዋናው ጠብ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እንደምታውቁት የላሊበላ አሥራ አንዱ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹን ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል ሲባል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተሠርተውላቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ተተክለዋል። መጠለያዎቹ ብዙ ሰው ደስ አላሰኙም። የከተማው ነዋሪም ክብደታቸው በቅርሱ ላይ አደጋ ያመጣል በማለት እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ ወጥቶ ስጋቱን ገልጿል። ታዲያ ለቀን መቁጠሪያው የቤተ መድኃኔ ዓለም ፎቶ በሁለት ዓይነት ቀርቦ ነበር፤ አንዱ መጠለያው እንዳለ፣ ሌላው መጠለያው ከነምሰሶው ጠፍቶ በቦታው ሰማይ የተሞላ። ዛሬ ይህን መሥራት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በፎቶሾፕ ውስጥ የገባው አዲስ መሣሪያ የጎደለውን ራሱ ፈጥሮ ይሞላል። አሥር ሰው ቢያየው አሥሩም ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ያማረ ነውና።

እኛ ግን የመጀመሪያው እንዲወጣ ነው የምንጠይቀው። ምክንያታችንን እንናገር።

የሚጠፋው ነገር የዝንብ ነጥብ አይደለም። የላሊበላ ሰው ለዓመታት የተከራከረበት፣ አደባባይ የወጣበት ነገር ነው። ፎቶው ላይ ስናጠፋው የእነርሱን ጥያቄ አብረን ማጥፋታችን ነው። «ምን መጠለያ? በፎቶው የለም» የሚል ሰው ይመጣል። ከዚህም በላይ በኮምፒዩተሩ የተሞላው ግድግዳ ማንም ያልፈለፈለው ግድግዳ ነው። የቅርስ ፎቶ ደግሞ አንድ ቀን ለጥገና ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ የተፈለሰፈ ድንጋይ ያለበት ፎቶ ምን ይጠቅማል?

ይህ በእኛ ብቻ የመጣ ክርክር አይደለም። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ባወጣው እትሙ፣ በአግድም የተነሣ የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶ በቁመት ሽፋኑ ላይ እንዲገባ ብሎ በኮምፒዩተር ፒራሚዶቹን አቀራርቧቸው ነበር። አራት ሺህ ዓመት ከቆሙበት ፈቀቅ አደረጋቸው ማለት ነው! ጉዳዩ ያስነሣው ወቀሳ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይጠቀሳል። እንዲሁም ስቲቭ ማኬሪ የተባሉት ዝነኛ የጉዞ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2016 በጣሊያን አገር በታየ የኩባ ፎቶአቸው ላይ በመነካካት የመጣ ግልጽ ጉድለት ተገኝቶ ብዙ ተባለ። እሳቸውም ራሳቸውን በምስል ታሪክ ነጋሪ አድርገው እንደሚያዩ ተናገሩ። መልሱ ለአንዳንዱ በቂ ነው፣ ለአንዳንዱ አይደለም። እኛ የምንለው፣ ከፎቶው ሥር የቦታው ስም ከተጻፈ ፎቶው ለቦታው ተጠያቂ ነው።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ዓይን እዚያ ቆሞ ያየውን፣ ካሜራው ግን መያዝ ያቃተውን መመለስ ውሸት አይደለም፤ ጥላውን ማፍካት፣ የተዘነበለውን የጣና አድማስ ማቃናት፣ በካሜራው ውስጥ የገባ አቧራ ሰማዩ ላይ የጣለውን ነጥብ ማንሣት የዚህ ዓይነት ናቸው። እዚያ የነበረን ማጥፋትና ያልነበረን መጨመር ግን ሌላ ነው። መሐል ላይ የሚወድቁ ብዙ ነገሮች አሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ የመኪና ጥግ። በእነዚህ ላይ በቡድናችን ውስጥ እንኳ ገና አልተስማማንም፤ ግማሾቻችን ከረጢቱ ይነሣ እንላለን፣ ግማሾቻችን ከረጢቱን የጣለው ሰው ይየው እንላለን።

መጠለያ የሌለበት ላሊበላ ለሚፈልግ ደግሞ መንገድ አለ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ክፍት ነው፣ መጠለያ የለበትም። ለመስከረም ወር የእሱ ፎቶ ቀርቧል። መድኃኔ ዓለምን ከነምሰሶው ለጥር እንዲሆን ሐሳብ አቅርበናል።

በመጨረሻ ለመማር ለሚፈልጉ ወጣቶች የሚከተለውን እናሳውቃለን። ፎቶሾፕና ላይትሩም ክፍያቸው በየጊዜው የሚታደስ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሆነ ፕሮግራሞች ናቸው፤ በየመንደሩ በፍላሽ የሚዞረው የተሰበረ ቅጂ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ በማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ አይጫንም። በምትኩ ዳርክቴብልና ጊምፕ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ተጭነዋል። ኮምፒዩተር ለሌለው ስናፕሲድ የተባለው የስልክ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፣ ለመጀመር ይበቃል። ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በአዳራሹ ይሰጣል፤ መብራት ከጠፋ ወደ እሑድ ይተላለፋል። የሚመጣ ሰው ካነሣቸው ፎቶዎች ውስጥ ሃያ ብቻ መርጦ ይምጣ፤ አራት መቶውን ይዞ የሚመጣ ሰው ትምህርቱን ሳይጀምር ይመሻል። ፎቶዎቹ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የተቀመጡ ይሁኑ፤ ሚሞሪ ካርድ ብቻውን አይታመንም። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ የሚያመጣ ደግሞ ባለቤቱ መፍቀዱን አብሮ ይንገረን። ፍላሽ የያዘ ሰው አስቀድሞ በር ላይ ባለው ኮምፒዩተር በቫይረስ ማጽጃ ያሳይ።